ገዳማትንና አድባራትን በአንድ ቀን መጎብኘት፦ ምን እንይ? እንዴት እንይ?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አባቶቻችን። አባባሉ እውነት ነው። ግን አንድ ጥያቄ ያስነሣል። በየቀኑ እያዩት ሳያዩት የሚኖሩት አገርስ ምን ይባላል? በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ ወደየትም ብንዞር በየኮረብታው ላይ አንድ የዛፍ ጥቅጥቅታ፣ በመካከሉም አንድ ጉልላት ይታያል። ገበያተኛው ያየዋል፣ ተማሪው ያየዋል፣ በመኪና የሚያልፈውም ያየዋል። ይሁን እንጂ ቤቱ ለምን ክብ ሆነ? ዛፉ ሳይቆረጥ እንዴት ቀረ? ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ምን ይላል? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ውድ አንባብያን፣ እኛ እጩ መምህራን ነን። ነገ ከነገ ወዲያ በየገጠሩ እንመደባለን። የምንመደብበት ት/ቤት ቤተ መጻሕፍት ላይኖረው ይችላል፤ ካርታውም የተቀደደ፣ ቤተ ሙከራውም ስሙ ብቻ የቀረ ሊሆን ይችላል። ከት/ቤቱ ማዶ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ደብር አይጠፋም። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ይህ ደብር በደን፣ በግንብ፣ በሥዕልና በብራና የተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ማንበብ የሚያውቅ መምህር ካለ ለልጆቹ ይነበባል፤ ከሌለ ደግሞ ማንም ሳያነበው ገጹ እየተገነጠለ ያልቃል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ እናድርግ። ይህ ስብከት አይደለም። ከመካከላችን ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ ነገ የምናስተምራቸው ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ስለ ታሪክ፣ ስለ ጥበብና ስለ ተፈጥሮ ሀብት ማወቅ የሁሉም ድርሻ ነው። ስለ ደብር የምንለው ስለ ጥንታዊ መስጊድና ስለ ቀድሞ ሰዎች መቃብርም ይሠራል።

1ኛ/ ጉብኝት የትምህርት አካል የሆነበት አገር

ተማሪን ይዞ ወጥቶ ማስተማር በብዙ አገር የተለመደ ነው። ለምሳሌ ጃፓንን እንውሰድ። በጃፓን የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር የሚያደርጉት የትምህርት ጉዞ እንደ አንድ የትምህርት ክፍል ይቆጠራል። ብዙዎቹ የሚሄዱት ወደ ጥንታዊ ከተሞቹ ወደ ኪዮቶና ወደ ናራ ሲሆን፣ የሚያዩትም የቡድሃ ቤተ መቅደሶችንና የሺንቶ መቅደሶችን ነው። ይህ ልማድ ከየት መጣ ቢባል፣ መነሻው ነው ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1886 የቶኪዮ መምህራን ማሠልጠኛ ት/ቤት ተማሪዎች ከአሥር ቀን በላይ ያደረጉት ረጅም ጉዞ ነው። አያችሁ? ነገሩን የጀመሩት የእኛው ቢጤዎች ናቸው! መምህር ሊሆኑ የሚሠለጥኑ ወጣቶች ወጥተው አዩ፤ ከዚያም ልምዱ ወደ ሌሎች ት/ቤቶች ተስፋፋ።

ከጃፓኖቹ ሁለት ነገር መማር ይቻላል። የመጀመሪያው የኢሴ መቅደስ ነው። ይህ የሺንቶ መቅደስ ከእንጨት ተሠርቶ ጣሪያው በሣር የተከደነ ነው። ጃፓኖች በየ20 ዓመቱ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ልክ የመጀመሪያውን የሚመስል አዲስ ሠርተው አሮጌውን ያፈርሱታል። ሥርዓቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ690 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተደረገው ለ62ኛ ጊዜ ነው። እንዴ! ደኅናውን ቤት ማፍረስ ምን የሚሉት ነው? ያሰኛል። ነገር ግን በ20 ዓመት ውስጥ ወጣቱ አናጢ ከሽማግሌው እጅ ሙያውን ይቀበላል፤ በተራው ደግሞ ለሚቀጥለው ያወርሳል። ስለዚህ እነሱ ከእንጨቱ ይልቅ ሙያውን ነው ያቆዩት ማለት ነው።

ሁለተኛው በቶኪዮ ከተማ መካከል ያለው የሜጂ መቅደስ ነው። መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ1920 ሲመረቅ ዙሪያው ገና የተተከለ ችግኝ ነበር። ከአገሪቱ ከየአቅጣጫው ሕዝቡ ወደ 100,000 የሚጠጋ ዛፍ አዋጥቶ ተከለበት። ዛሬ ያ ሥፍራ በትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ እውነተኛ ደን ሆኗል። እነሱ ደን ለማግኘት መቶ ዓመት ጠበቁ። እኛስ? እኛ ዘንድ ደኑ አለ፤ የሚያስፈልገው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። ይህን በልባችን ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

2ኛ/ የዕለቱ መንገድ

ጉብኝት ሲታሰብ ሁልጊዜ የሚነሣ ክርክር አለ። «መኪናው ከተገኘ አይቀር አምስት ስድስት ቦታ እንይ» የሚል ወገን አለ። «የለም፤ ሁለት ቦታ ብቻ፣ ግን በደንብ» የሚልም አለ። እኛ የምንደግፈው ሁለተኛውን ነው። በአንድ ቀን ስድስት ቦታ ያየ ሰው ማታ ሲጠየቅ የሚያስታውሰው አቧራውንና የመኪናውን መንገጫገጭ ነው።

መንገዱ ሰላም በሆነና አየሩ ደረቅ በሆነ ጊዜ ለአንድ ቀን የሚበቃ ጉዞ እንዲህ ሊታቀድ ይችላል። ከደብረ ታቦር በማለዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ወረታ መውረድ፤ እዚያ ከጎንደር በሚመጣው አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ታጥፎ፣ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ሐሙሲት መግባት ነው። ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው። በገበያ ቀን የደረሰ ሰው የደራንና የፎገራን ምርት በአንድ ሜዳ ላይ ያያል። ከሐሙሲት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጣና ዳርቻ ሲወርዱ ደግሞ ቆራጣ ትገኛለች።

ቆራጣ ዛሬ ጸጥ ያለች ሥፍራ ብትሆንም ቀድሞ እንዲህ አልነበረችም። በ19ኛው መቶ ዓመት በጣና ዙሪያ ከሚጠቀሱት የንግድ ከተሞች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1866 ዓፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የነበረውን ሆርሙዝድ ራሳምን እንዲቆይባት ያደረጉት በዚችው በቆራጣ ነው። ከመቅደላ የተፈቱት አውሮፓውያን እስረኞችም ከእሱ ጋር የተገናኙት እዚያው ነው። ቀጥሎ ነገሩ ተበላሽቶ ወደ መቅደላው ጦርነት እንዳመራ በታሪክ ክፍለ ጊዜ የተማርነው ነው።

ቆራጣን ይበልጥ የሚያስከብራት ግን የደብሯ ስም፣ ወለተ ጴጥሮስ ነው። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1642 የኖረች የጣና መነኩሲት ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዓፄ ሱስንዮስ ታላቅ የጦር አዛዥ ነበር። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ባዘዙ ጊዜ፣ እሷ የባሏን ቤትና ሹመት ትታ መነኮሰች፤ ትእዛዙንም በአደባባይ ተቃወመች። ተከሰሰች፣ ተጋዘች፤ ሆኖም አልተመለሰችም። ተከታዮቿም እየበዙ ሄደው ወንዶችም ሴቶችም ያሉባቸው ሰባት ማኅበራት እስከ መምራት ደረሰች። በዚሁ በምሥራቁ የሐይቁ ክፍል ባለችው በሬማ ደሴት ተቀበረች። ገድሏ እ.ኤ.አ. በ1672 ገላውዴዎስ በተባለ መነኩሴ በግዕዝ ተጻፈ። ይኸው ገድል እ.ኤ.አ. በ2015 በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታትሟል። ይህ ምን ማለት ነው? ባሕር ማዶ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቆራጣዋን ሴት ታሪክ አንብቦ ይከራከርበታል፤ በሐሙሲት ዙሪያ የሚማር ልጅ ግን ከስሟ በላይ ላያውቅ ይችላል ማለት ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው መምህሩ ነው እንጂ ሌላ ማንም አይደለም።

ጊዜና ጀልባ ከተገኘ ከቆራጣ በስተሰሜን ጣና ቂርቆስ አለ። በትውፊት እንደሚነገረው ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመወሰዷ በፊት 800 ዓመት የቆየችው እዚህ ነው። ጎድጓዳ የተቀረጸባቸውን ጥንታዊ ድንጋዮች እያሳዩ የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው እንደነበር መነኮሳቱ ያስረዳሉ። ትውፊትና የተረጋገጠ ታሪክ የተለያዩ መሆናቸውን ለልጆች ማስረዳት የመምህር ሥራ ነው፤ ትውፊቱን ማቃለልም፣ ትውፊቱን እንደ ተመዘገበ ሰነድ ማቅረብም ሁለቱም ልክ አይደሉም። «አባቶች እንዲህ ይላሉ» ብሎ መጀመር ይበቃል።

እዚህ ላይ እህቶቻችንን የሚመለከት ነገር አለ። ጣና ቂርቆስ፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው። እንግዲህ ጉዞው የጋራ ከሆነ ዕቅዱም የጋራ መሆን አለበት። ግማሹ ገብቶ ግማሹ ዳር ላይ ፀሐይ እየመታው የሚጠብቅበት ጉብኝት ምን ጉብኝት ይባላል? ስለዚህ ለድብልቅ ቡድን ሁሉም የሚገባበትን ደብር መምረጥ ይሻላል። ደግሞም ከሐይቁ ታሪክ ጎልቶ የሚታየው ሰው አንዲት ሴት መሆኗን ማስታወስ ይገባል።

3ኛ/ ከአጥሩ እስከ መቅደሱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ደብሩ ተደረሰ እንበል። ከየት እንጀምር? ከውጭ ወደ ውስጥ ነው።

ሀ/ ደኑ። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች እንዳሉ ይታወቃል። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ዙሪያቸው ለእርሻና ለግጦሽ ሲመነጠር እነሱ የቀሩት የተከበረ ሥፍራ በመሆናቸው ነው። የአገራችን ተመራማሪ ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ዝግባው ቀድሞ አገሩን ሁሉ ሸፍኖ የነበረ ነው፤ ዛሬ ግን ዘሩ እንኳ የሚገኘው በእነዚህ ግቢዎች ነው። ወፉና ንቡም መጠለያው እዚያ ነው፤ ንቡ ከደኑ ወጥቶ የገበሬውን ኑግና ባቄላ ይጎበኛል። ስለዚህ የሳይንስ መምህር «ጥንት አገራችን ምን ይመስል ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአጥሩ ውስጥ ያሳያል።

ለ/ ደጀ ሰላሙና ደወሉ። የግቢው መግቢያ ደጀ ሰላም ይባላል። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ጠብና ግርግር ከደጅ ይቀራል ማለት ነው። በጣና ዙሪያ ባሉ ገዳማት በዛፍ ላይ ወይም በእንጨት ላይ የተንጠለጠሉ ረዘም ያሉ ድንጋዮች ይታያሉ። እነዚህ የድንጋይ ደወሎች ናቸው። ሲመቷቸው እንደ ብረት ይጮኻሉ። አንዱ ድንጋይ ሲጮህ ሌላው ለምን ዝም ይላል? ይህን ጥያቄ ለልጆች መስጠት ስለ ድምፅ ንዝረት ለማስተማር ከማንኛውም ሥዕላዊ መግለጫ ይበልጣል። በስተምሥራቅ ያለችው ትንሽ ቤት ደግሞ የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅባት ቤተ ልሔም ናት፤ እዚያ ዘው ብሎ አይገባም።

ሐ/ ቤቱ። የአካባቢያችን ደብሮች አብዛኞቹ ክብ ናቸው። ውስጣቸው በሦስት ይከፈላል። የውጭው ዙር ቅኔ ማኅሌት ሲባል ደብተሮችና መዘምራን የሚያሸበሽቡበት ነው። ቀጥሎ ያለው ቅድስት ነው፤ የሚቆርቡ ምእመናን ይቆሙበታል። መካከሉ መቅደስ ነው፤ ታቦቱ ያለበትና ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት። ቤቱ ክብ ይሁን እንጂ መቅደሱ ብዙውን ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። በጉልላቱ ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል ትርጉም አለው፤ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ ሳትነቅል ትጠብቃለች ስለሚባል፣ አምላክም ፍጥረቱን እንዲሁ ይጠብቃል ማለት ነው ይላሉ ሊቃውንቱ።

ይህ ክብ ቤት ለሒሳብ መምህር ትልቅ ሀብት ነው። ልጆች መቅደሱ ውስጥ ገብተው መካከሉን መለካት አይችሉም። ዙሪያውን ግን በገመድ ወይም በርምጃ መለካት ይችላሉ። ዙሪያው 63 ሜትር ቢሆን፣ ለ3.14 ሲካፈል ወደ 20 ሜትር ይመጣል፤ ይህ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው ስፋት ነው። ግማሹ፣ 10 ሜትር፣ ከግድግዳው እስከ መካከሉ ያለው ርቀት ነው። ምን አለፋችሁ፣ የማይገባበትን ቦታ ሳይገቡ መለካት ማለት ይኸው ነው! ልጅ ፓይን በዚህ መንገድ የተማረ እንደሆነ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ነገር ግን ክብ የሆነ ሁሉ ውስጡም አንድ ነው ማለት አይደለም። በጋይንት ያለችው የቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ሌሎቹ ክብ ናት። ውስጧ ግን እጅግ ጥንታዊ የሆነ አራት ማዕዘን ሕንጻ አለ፤ ክቡ ቤት እንደ ካባ ደርቦታል። እ.ኤ.አ. በ1955 እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም ይህን አይቶ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። «አገኘው» ተብሎ ተጻፈለት። አገሬው ግን ድሮም ሲያስቀድስባት ኖሯል። የጎደለው ማየት አልነበረም፤ ያዩትን መጻፍና ለሌላ ማሳወቅ ነው። ይህም የመምህር ድርሻ ነው።

መ/ ሥዕሉ። የመቅደሱ ውጭ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ሥዕሉ ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ መጽሐፍ ሆኖ ያገለገለ ነውና የራሱ ሰዋስው አለው። አንደኛ፣ ዓይንን እንይ። ደጋግ ሰዎችና ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎች በጎን ስለሚሣሉ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ይህን ያወቀ ልጅ ታሪኩን ባያውቀው እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ለይቶ ይናገራል። ሁለተኛ፣ በሮቹን እንይ። በመቅደሱ በር ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት የሚሣሉት ዘበኞች ስለሆኑ ነው። ሦስተኛ፣ ታሪኮቹን እንይ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ቅዱስ ያሬድ በዜማው ተመስጦ የንጉሡ ጦር እግሩን ሲወጋው ሳይታወቀው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር፣ በላዔ ሰብ ለተጠማው ሰው ጥርኝ ውሃ ሲሰጥ፤ እነዚህን ደጋግመን እናገኛቸዋለን። አራተኛ፣ ልብሱንና መሣሪያውን እንይ። ሠዓሊው የጥንቱን ታሪክ ሲሥል ወታደሮቹን የራሱን ዘመን ልብስና ጠመንጃ ያስታጥቃቸዋል። ስለዚህ ሥዕሉ ስለ ኢየሩሳሌም እየተናገረ ስለ ጎንደር ይመሰክራል። አንዳንድ ጊዜ ያሠራውም ሰው እዚያው አለ፤ በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

4ኛ/ ከእኛ በፊት የነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ

በደብሩ አጠገብ የሣር ጎጆዎች ከታዩ የቆሎ ተማሪዎች ቤት ነው። እኛ መምህራን ይህን ሳናይ ብንመለስ ያሳፍራል። ምክንያቱም መምህርን ማሠልጠን በአገራችን በዘመናዊ ተቋም አልተጀመረም። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያለ በደረጃ የሚያድግ ትምህርት ነበረ፤ አሁንም አለ። ከሁሉ የሚገርመው ማስመስከሪያው ነው። ድጓ የተማረ ሰው በያለበት ቢማርም፣ መምህር ለመባል ከላይ የጠቀስናት የጋይንቷ ቤተ ልሔም ሄዶ ይመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ደግሞ ዙር አባ ይሄዳል። ሁለቱም የሚገኙት በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው። በሌላ አነጋገር፣ እኛ ተምረን ምስክር ወረቀት የምንቀበልበት ይህ አገር ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ መምህራን የሚመሰክሩበት አገር ነው። የሚማሩበት ዘዴም ልብ ሊባል ይገባል፤ ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቀጽላል፣ ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ሳይገባው የሚያልፍ የለም። ብዙ ተማሪ በአንድ ክፍል ታጭቆ ሲጠብቀን ይህ ዘዴ ሳያስፈልገን አይቀርም።

5ኛ/ ምን እየጠፋ ነው?

እስከ አሁን ያየነው ሁሉ ለዘላለም ይቆያል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ይሳሳታል። አደጋው ብዙ ነው።

ደኑን እንውሰድ። ትልልቁ ዛፍ ቆሟል፤ ሥሩ ግን ባዶ ነው። ከብት እየገባ ችግኙን ስለሚበላውና ስለሚረግጠው ያረጀው ሲወድቅ የሚተካው የለም። በአንዳንዱ ግቢ ደግሞ ባሕር ዛፍ የአገሩን ዛፍ ቦታ እየወሰደ ነው። መፍትሔው ግን ከአቅም በላይ አይደለም። በዶ/ር ዓለማየሁና በአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጥረት፣ ሕዝቡም ከእርሻው ድንጋይ እየለቀመ፣ በአንዳንድ ደብሮች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተክቧል። ከብት ሲቀር ችግኝ ይበቅላል። ገበሬውም ማሳው ከድንጋይ ጸዳለት። አንድ ሥራ ለሁለት ነገር ሆነ ማለት ነው።

ጣሪያውን እንውሰድ። የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው። ቆርቆሮ ከእሳት ያድናል፣ ቶሎም አያረጅም፤ ካህናቱን በዚህ መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ሣር መክደን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ ሙያው አብሮ ይቀበራል። ኢሴ ላይ ጃፓኖች የፈሩት ይህንኑ ነው። ቢያንስ ሽማግሌውን ጠይቆ፣ ዓይነቱን፣ አስተሳሰሩን፣ አከዳደኑን በደብተር የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

ሥዕሉን እንውሰድ። ዝናብ ሲያንጠባጥብበት፣ የጧፍ ጭስ ሲጠቁርበት፣ ጎብኚ በእጁ ሲዳብሰው ይላጣል። የከፋው ደግሞ «አሮጌ ነው» ተብሎ በአዲስ ቀለም ሲቀባ ነው።

መጽሐፉን እንውሰድ። ዓፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት አስወስደው መቅደላ አከማቹ፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከዚያ ውስጥ ብዙዎቹን ዘረፈ። ዛሬ አብዛኞቹ ሎንዶን ተቀምጠዋል። ያኔ የወጣው መጽሐፍ አብዛኛው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት አልተመለሰም። ስለዚህ የብራና መጽሐፍ «ይሸጥ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ልጆቻችን ነገሩ ምን እንደሆነ አስቀድመው ማወቅ አለባቸው።

የጣና ሐይቅና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዝግቧል። መልካም ነው። ሆኖም መዝገብ ብቻውን ዘበኛ አይሆንም። ዘበኛው እዚያው አጠገብ የሚኖረው ልጅ ነው።

6ኛ/ ለጉብኝቱ የሚያስፈልግ ዝግጅትና ሥነ ሥርዓት

ሀ/ ከመሄድ በፊት የደብሩን አለቃ ወይም ገበዙን በሰው ወይም በደብዳቤ ማስፈቀድ፤ የበዓልና የቅዳሴ ሰዓት አለመሆኑንም መጠየቅ።

ለ/ ልብስ ጨዋ ይሁን፤ ነጠላ ይያዝ። ቤት ሲገባ ጫማ ይወለቃል። መግባት የማይፈልግ ወይም በሃይማኖቱ ምክንያት የማይገባ ባልደረባ አይገደድም፤ ደኑ፣ ደወሉና የግቢው ታሪክ ለእሱ በቂ ትምህርት አለው።

ሐ/ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሲፈቀድ ብቻ ነው፤ ብልጭታው ይጥፋ። ሥዕል በእጅ አይነካም።

መ/ ካህናቱ «አባ»፣ «መሪጌታ»፣ «የኔታ» እየተባሉ በአክብሮት ይጠየቁ። ሲያስረዱ ማቋረጥ ነውር ነው። የተናገሩት በደብተር ይጻፍ፤ የተናገረው ሰው ማዕርግና ቀኑ ይመዝገብ።

ሠ/ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሥራ ይያዝ። አንዱ ዛፍ ይቁጠር፣ አንዱ የግቢውን ንድፍ ይሣል፣ አንዱ ዙሪያውን ይለካ፣ አንዱ የአንድን ሥዕል ታሪክ ጠይቆ ይጻፍ። ሥራ የሌለው ጎብኚ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል።

ረ/ የበላንበት ላስቲክና የጠጣንበት ፕላስቲክ ከእኛ ጋር ይመለስ።

መደምደሚያ

በአጭሩ፣ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል። መምህር ያየውን ነው የሚያሳየው። ያላየውን እንዴት ብሎ ያሳያል? ስለዚህ ከዚህ ተቋም ከመመረቃችን በፊት እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ ደብር ወይም ሌላ ጥንታዊ ሥፍራ ከአጥሩ እስከ መካከሉ አንብበን፣ ንድፉን ሥለን፣ ሁለት ገጽ ጽፈን ብንተው ምን ይለናል? ከየአካባቢያችን የመጣነው ብዙ ነን። የሁላችንም ሁለት ሁለት ገጽ ቢሰበሰብ ለደቡብ ጎንደር ት/ቤቶች የሚሆን የማስተማሪያ መጽሐፍ ይወጣዋል። መምህሮቻችንም ይህን እንደ አንድ የተግባር ልምምድ ቢቆጥሩልን በትሕትና እንጠይቃለን።

የተመደብንበት ት/ቤት ስንደርስ ደግሞ የመጀመሪያው ቅዳሜ ለዚሁ ይሁን። ማዶ ያለውን ደን እንጠይቅ፤ ስሙ ማን ነው? ማን ተከለው? ማን ይጠብቀዋል? መልሱን ከልጆቹ ጋር እንፈልገው። ልጆቹ ያወቁትን ለመጠበቅ ሌላ ጥሩንባ አያስፈልጋቸውም።